ምዕራፍ ሰባት፦ ሦስተኛው ጉድጓድ

እናቴ የምንኖርበትን ከተማ እንደ ጎረቤቶቿ «ረሆቮት» ብላ አትጠራም። «ርኆቦት» ነው የምትለው፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ሲያነቡ እንደሰማችው። ሰፈራችን ቂርያት ሞሼ ነው፤ እዚህ አማርኛ በየደረጃውና በየሱቁ ስለሚነገር ማንም አያርማትም። ሊያርማት የሚነሣም ቢኖር ተሳሳች እሱ ነው። የከተማዋ መሥራቾች እ.ኤ.አ. በ1890 ስም ሲፈልጉ ያገኙት ከዚያው ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ነው። (በዚህ ምዕራፍ የምጠራቸው ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን የማያውቅ ጥቂት ነው። የይስሐቅ ሎሌዎች በጌራራ ሸለቆ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ አገኙ፤ የአገሩ እረኞች ባለቤት ነን ብለው ተነሡባቸው። ያንን ጉድጓድ ዔሴቅ ብለውት ሌላ ቆፈሩ። በሁለተኛውም ጠብ ተነሣ፤ ስጥና ተባለ። ነቅለው ሄደው ሦስተኛ ቆፈሩ፤ በዚህኛው የተጣላቸው አልነበረም። ርኆቦት ያ ነው።

በልጅነቴ ይህ ታሪክ የሚነገረኝ ስለ ትዕግሥት ነበር። ፕሮግራም መጻፍ እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ሎሌዎቹ ውሃ አላጡም። ያጡት ማንም የማይነጥቃቸውን ውሃ ነው። ይህ ምዕራፍም የሚናገረው ከሩቅ ሲያዩት ተራ ስለሚመስል አንድ ሥራ ነው፦ ስህተት ለመፈለግ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ፣ ብዙ ክፍሎች ከሚጋሩት ኮድ ላይ፣ ከሌላ የመጣን አንድ ላይብረሪ ነቅሎ ማውጣት። ለምን ይወጣል? እንዴት ይወጣል? ሲወጣስ አብሮት ምን ይሄዳል? የመጨረሻውን ጥያቄ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነውና ከታች እመለስበታለሁ።

በሄርጽል መንገድ ዳር ያለው የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም በእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒውተር የተሠራበት ቦታ ነው። ዋይዛክ ይባል ነበር። የሒሳብ ሊቁ ሐይም ፔከሪስ ሐሳቡን ሲያቀርቡ ጉዳዩን ከመረመሩት አማካሪዎች መካከል አልበርት አይንስታይንና ጆን ፎን ኖይማን ነበሩ። አይንስታይን ያን ያህል ትንሽ አገር ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል ብለው ተጠራጥረው ነበር ይባላል፤ ፎን ኖይማን ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢተወው ፔከሪስ ብቻቸውን ሙሉ ጊዜ ያሠሩታል ብለው መለሱ። እንደተባለውም ሆነ። ፔከሪስ በዚያ መሣሪያ የዓለም ውቅያኖሶች በጨረቃና በፀሐይ ስበት እንዴት እንደሚነሡና እንደሚወርዱ አሰሉ።

ማሽኑን ለመሥራት ከአሜሪካ የመጡት ኢንጂነር ጄራልድ ኤስትሪን ነበሩ፤ ባለቤታቸው ቴልማም ኢንጂነር ነበሩ፣ አብረው ሠሩ። ንድፉ ከፕሪንስተን ነው፤ ዕቃውን ግን አገር ውስጥ መፈለግ ግድ ሆነ። በልክ የተቆረጠ ስስ የመዳብ ጥብጣብ ያገኙት የብስክሌት ዕቃ ከምትሠራ ትንሽ ሱቅ ነው። ዋይዛክ በ1955 ሥራ ጀምሮ እስከ 1963 መጨረሻ ቆየ። ይህን የማነሣው ለናፍቆት አይደለም። ያን ጊዜ የሠሩት ሰዎች እያንዳንዱ ሽቦ ከየት እንደመጣ ያውቁ ነበር። ማሽኑ ሲሳሳት «ይህን ክፍል የሠራው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ በዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው። ዛሬ በስልክህ ላይ ያለው ትንሹ ፕሮግራም እንኳ ደራሲው አይቷቸው በማያውቃቸው ሰዎች ኮድ ላይ ይቆማል።

ያ ኮድ ላይብረሪ ይባላል። ቃሉ ዘይቤ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ በእጅ የሚነካ ነገር ነበር። በካምብሪጅ በእነ ሞሪስ ዊልክስ የተሠራው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር በ1949 ሥራ ሲጀምር ሰዎቹ አንድ ነገር ቶሎ ገባቸው፦ ሳይን ማስላት፣ ቁጥር ማካፈል፣ ውጤት ማተም በየፕሮግራሙ እየተደጋገመ ነው። ስለዚህ ዴቪድ ዊለርና ባልደረቦቹ እነዚህን ቁራጭ ሥራዎች በቀዳዳ ወረቀት ጥብጣብ ላይ እየጻፉ በካቢኔ ደረደሯቸው። በ1951 ቁጥራቸው 87 ደርሶ ነበር። ተጠቃሚ መጥቶ የሚፈልገውን ጥብጣብ ያወጣል፣ ወደ ራሱ ፕሮግራም ይገለብጣል፣ ዋናውን ይመልሳል። እውነተኛ ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው። የዛሬው ልዩነት መመለስ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የተዋስነው ካቢኔ ከነካቢኔው ቤታችን ይገባል።

አሁን ወደ ስህተት ፈላጊው እንምጣ። ዲበገር የሚባለው ፕሮግራም የሌላን ፕሮግራም ሩጫ በመሀል አስቁሞ ውስጡን የሚያሳይ ነው። በዚህች ቅጽበት ይህ ቁጥር ስንት ነው? እዚህ የደረስነው በየት በኩል ነው? ይህን ጠይቀህ መልስ ታገኛለህ። ረሆቮት በዚህም በኩል ድርሻ አላት። ኤሁድ ሻፒሮ በ1982 በዬል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ስህተት ፍለጋ ራሱ በሥርዓት የሚሄድ ስሌት ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ ሥራው በ1983 በመጽሐፍ ወጣ፣ እሱም ወደ ዋይዝማን መጥቶ ቀረ። ሐሳቡ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጥሩ ሽማግሌ በዕርቅ ላይ የሚያደርገው ነው። ከዋናው ክስ ይነሣል፣ አዎን ወይ አይደለም በሚያስብል ጥያቄ ይወርዳል፣ ነገሩ ከተበላሸበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል።

በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ልሞክረው። የአውሮፓን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር ፕሮግራም አለን እንበል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ስንሰጠው «መስከረም 1 ቀን 2016» ይለናል። ዲበገሩ ይጠይቃል፦ ይህ ልክ ነው? አይደለም፤ ያን ቀን ጳጉሜን 6 ነበር፣ 2015 ገና አላለቀም። እሺ፣ ዋናው ሥራ ውስጥ የተጠሩ ትንንሽ ሥራዎች አሉ። ዓመቱን የሚያወጣው 2015 ብሎ ጀምሯል፣ ልክ ነው? ልክ ነው። የጳጉሜን ርዝመት የሚነግረው 5 ብሏል፣ ልክ ነው? አይደለም፣ 6 መሆን ነበረበት። በእሱ ሥር ያለው፣ 2015 ስድስተኛ ጳጉሜን ያለው ዓመት ነው ወይ ሲባል «አይደለም» ብሏል፤ ልክ ነው? አይደለም። ከዚህ በታች ሌላ የተጠራ ሥራ የለም፤ እንግዲያው ስህተቱ እዚህ ነው። ከፍተን ስናይ ፕሮግራመሩ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ መካፈሉን ነው የፈተሸው፤ እንደ ፈረንጆቹ። የእኛ የሉቃስ ዓመት ግን ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ነው። አራት ጥያቄ፣ አንድ ጥፋተኛ።

የሻፒሮ ዘዴ አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፦ መላሹ አይዋሽ። መልስ የሚሰጠው ሰው «ልክ ነው» ብሎ ከተሳሳተ ፍለጋው ንጹሑን ይዞ ይከሳል። ከዚህ ተነሥቼ ነው ሁልጊዜ የምጨነቀው። ምስክሩ ዲበገሩ ራሱ ቢሆንስ? በውስጡ የተሸከመው የሰው ኮድ ቢያሳስተውስ? የተሳሳተ ፕሮግራም አንድ ሥራ ያበላሻል፤ የተሳሳተ ዲበገር ግን ጤነኛውን ታማሚ እያለ ስንቱን ያስባክናል።

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት ዲበገሮች አንዱ ጂዲቢ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 የጀመረው ሲሆን ዛሬም ድረስ በነጻ ይሰራጫል፣ በብዙ እጅ ይጻፋል። ይህ ፕሮግራም ታናሽ ወንድም አለው፤ ጂዲቢ ሰርቨር ይባላል። የሥራ ክፍፍላቸው ያምራል። ትልቁ በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የስሞቹን ዝርዝር፣ የኮዱን መስመሮች፣ ከሰው ጋር መነጋገሩን ይይዛል። ትንሹ ደግሞ ወደ ሜዳ ይላካል፦ ወደ ራውተር፣ ወደ ቴሌቪዥን ሳጥን፣ የማስታወሻ አቅሙ ወደ ጠበበ መሣሪያ። እዚያ ሆኖ «ይህን አድራሻ አንብብ፣ እዚህ ላይ አቁም» ሲሉት ይታዘዛል፤ የምልክቶች ዝርዝር አያስፈልገውም፣ እነሱን የሚተረጉመው ቤት የቀረው ነው። መንገደኛ ስንቁን እንጂ ጎተራውን ይዞ አይወጣም።

ሁለቱ ወንድማማቾች ግን የሚጋሩት ብዙ ነው፦ ጽሑፍ መቁረጥና መቀጠል፣ ፋይል መክፈት፣ ስህተት ማስታወቅ፣ በመስመር ላይ የሚላኩትን መልእክቶች መረዳት። ይህ የጋራ ኮድ ለብዙ ዓመት በትልቁ ጓዳ ውስጥ፣ «የጋራ» በሚባል ማህደር ነበር የሚቀመጠው። በ2020 ራሱን ችሎ ወጣና ጂዲቢ ሰፖርት ተባለ። ቤት ከመቀየር ያለፈ አይመስልም። ነገር ግን ቤት ሲለይ የዕቃው ባለቤት ማን እንደሆነ ይጣራል። «ይህ ድስት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ማዕድ ቤት ሳለን አይነሣም ነበር።

የጋራ ኮድ ላይ ጥገኝነት ለምን እንደሚከብድ ይህ ነው። ጨው በአንድ ሰው ሳህን ላይ ቢበዛ የሚቸገር እሱ ነው፤ በጋራ ወጥ ላይ ከበዛ ግን ማዕዱን የከበበ ሁሉ ይቀምሰዋል። ትልቁ ጂዲቢ አሥር ላይብረሪ ቢጨምር ኮምፒውተሩ ይችለዋል። የጋራው ኮድ አንድ ቢጨምር ያ አንዱ ሜዳ ድረስ ይሄዳል፤ መሣሪያው ላይ ያ ላይብረሪ ከሌለ ትንሹ ወንድም አይነሣም። ከዚህም የባሰ ቦታ አለ። ጂዲቢ ሰርቨር በሚመረመረው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ የሚገባ ወኪል አለው፤ በ2010 በጂዲቢ 7.2 የመጣ ነው፣ ፕሮግራሙን ሳያስቆም መረጃ ይለቅማል። እዚያ የገባ ኮድ እንግዳ ነው። እንግዳ ጓዙን ሁሉ ይዞ ከገባ ከባለቤቱ ዕቃ ጋር ይቀላቀላል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሥራዎች ሲገናኙም የትኛው እንደተጠራ ለማወቅ ሌላ ዲበገር ያስፈልጋል።

አሁን አወጣጡን እንይ። እንበልና የጋራው ኮድ ከውጭ የመጣ አንድ ላይብረሪ ይጠቀማል፤ የሚጠቀመውም ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጽሑፍን አሻራ በፍጥነት ለማውጣት። አሻራ የምለው ረጅም ጽሑፍን ወደ አንድ ቁጥር የሚያሳጥር ስሌት ነው፤ ብዙ ስሞች መካከል ፈልጎ ለማግኘት ይጠቅማል።

መጀመሪያ የሚደረገው ጠሪዎቹን መቁጠር ነው። በኮዱ ሁሉ ላይ ፍለጋ ታደርጋለህ። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጥ ነገር ይገኛል፤ ትልቅ የመሰለህ ጥገኝነት በሁለት መስመር የተንጠለጠለ ይሆናል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጠሪው በእውነት የጋራ ነው ወይ የሚለው ነው። እኔ ካየኋቸው መካከል አብዛኛው እዚህ ላይ ይፈታል፦ ሥራው ለትልቁ ብቻ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ለአመቺነት የጋራ ጓዳ ውስጥ አስቀምጦታል። ያን ጊዜ ኮዱን ወደ ባለቤቱ መመለስ ብቻ ነው፤ ላይብረሪውም አብሮት ይሄዳል። ማንም ምንም አልጣለም፣ ዕቃው ክፍሉን አገኘ እንጂ።

ሥራው በእውነት የጋራ ሆኖ፣ አሠራሩ ግን ለሁለቱ የተለያየ ከሆነስ? ለዚህ ጂዲቢ ውስጥ የምወደው መላ አለ። የጋራው ኮድ ስህተት ሲያጋጥመው ማስታወቅ አለበት፤ በትልቁ ቤት ማስታወቅ ማለት ለሰው መልእክት አሳይቶ ወደ ትእዛዝ መቀበያው መመለስ ነው፣ በትንሹ ቤት ሌላ ነው። የጋራው ኮድ የማንንም አልመረጠም። «ቪ-ኤረር» የሚባል ሥራ እንደሚያስፈልገው ስሙን ብቻ ተናግሮ፣ አሠራሩን የሚጠቀምብኝ ያቅርብ አለ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ ስኒውን ባለቤቱ ያቅርብ እንደማለት ነው። ጥገኝነቱ አልጠፋም፤ አቅጣጫው ዞረ። ቀድሞ ታችኛው ላይኛውን ይለምን ነበር፤ አሁን ላይኛው ለታችኛው ያቀርባል።

ሁለቱም ካልሆነ የራስህን ትጽፋለህ። አሻራ የሚያወጣ ስሌት ሃያ መስመር ነው፤ ሃያ መስመር የራስ ቢሆን አይከብድም። ምስጢር መቆለፊያ ስሌት ግን ሃያ መስመርም ቢሆን አትጻፍ፤ በዚያ ሙያ ያልዋለ ሰው የጻፈው ቁልፍ መዝጊያ የሌለው በር ነው። ከሰው መገልበጥም አለ። ጂዲቢ ጽሑፍን ሳይገለብጥ የሚያመለክት አንድ መሣሪያ ሲያስፈልገው፣ የሚጻፍበት ቋንቋ ገና አልነበረውምና ጂሲሲ ከተባለው ኮምፓይለር መደበኛ ላይብረሪ ቀድቶ በጋራው ኮድ ውስጥ አስቀመጠ። ጂዲቢ 15 በ2024 ሲወጣ ሲ ፕላስ ፕላስ 17 የተባለው የቋንቋው እትም ግዴታ ሆኖ ነበርና ቋንቋው ራሱ ይዞት መጥቷል፤ ቅጂውም ተነሣ። ያ በጎ ፍጻሜ ነው። ብዙ ቅጂዎች ግን እንደዚያ አይታደሉም፦ ዋናው ይታረማል፣ ቅጂው ከነስህተቱ ይቀራል፤ ጥገኝነት የለብኝም የሚለው ፕሮግራመርም የሰው ስህተት እያሳደገ መሆኑን አያውቅም። በእኔ አስተያየት ከተከፈተ ጥገኝነት የተሸሸገው ይከፋል።

ከዚያ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ማስረጃ ነው። የማያያዣውን ትእዛዝ ላይብረሪው በተጠራበት ቦታ ትሰርዛለህና ከባዶ ትገነባለህ። ማያያዣው፣ ማለትም ሊንከሩ፣ ቁራጮቹን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ የጎደለውን ስም የሚፈልግ ነው፤ የሚፈልገውን ካጣ «ይህን ስም አላገኘሁም» ብሎ ይቆማል። ስልቹ ቢመስልም ከእሱ የታመነ ምስክር የለም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ላይብረሪው በሌላ ላይብረሪ ጀርባ ታዝሎ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። በሩን ዘግተህ በመስኮት ይገባል።

በመስኮት መግባት ምን እንደሚያመጣ ዓለም በማርች 2024 አየች። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጸሐፊ ወደ ኮምፒውተሩ በርቀት መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ኢንተርኔቱ ነው ብሎ ያልፋል። እሱ ግን ተከተለው፣ ከኤክስዚ ደረሰ። ኤክስዚ ፋይል ማሳጠሪያ ነው። 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞቹ ውስጥ፣ ለዓመታት በበጎ ፈቃደኝነት ሲሠራ የቆየና ጂያ ታን በሚል ስም የሚታወቅ ሰው፣ ወይም ሰዎች፣ የጓሮ በር ተክለው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይህ ነው።

ለእኛ ምዕራፍ የሚጠቅመው ግን የመንገዱ ነገር ነው። በርቀት የሚያስገባው ኦፕን ኤስኤስኤች የተባለው ፕሮግራም ኤክስዚን አይጠቀምም። ፋይል አያሳጥር፣ ምን ያደርግለታል? ነገር ግን አንዳንድ የሊኑክስ አሰራጮች አንድ ማሻሻያ ጨምረውበት ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ «ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ አገልግሎቶችን ለሚያስነሣው ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ። ለዚህች አንዲት ቃል የሲስተምዲን ላይብረሪ አያያዙበት። ያ ላይብረሪ ደግሞ ለራሱ ጉዳይ የኤክስዚን ላይብረሪ ይዞ ይመጣል። «ተዘጋጅቻለሁ» ለማለት ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃ ነበር። ከጥቃቱ በኋላ፣ በጁላይ 2024 በወጣው 9.8 እትም፣ ኦፕን ኤስኤስኤች ያንኑ መልእክት በራሱ ጥቂት መስመሮች፣ ያለ ምንም ላይብረሪ እንዲልክ ሆነ።

ፍሮይንድ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ቶሎ የማይታይ አንድ ነገር አለ፦ የጓሮ በሩ ዲበገር እየተመለከተው መሆኑን በአንዳንድ ሁኔታ የሚያውቅ ይመስል እንደነበር፣ ጂዲቢንም አንዳንዴ እንደሚለይ ጽፏል። ሌባው ዘበኛውን ያውቀዋል። የዘበኛው ልብስ ከየት እንደተሰፋስ? ጂዲቢ የተጨመቁ የምልክት ዝርዝሮችን እንዲያነብ ሆኖ ሲገነባ የሚያያዘው ከዚያው ከኤክስዚ ላይብረሪ ጋር ነው። ጂዲቢ በዚህ ተጠቃ አልልም፤ የጓሮ በሩ የሚፈልገው ሌላ ነበር። ነገር ግን መርማሪና ተመርማሪ አንድ ጉድጓድ ሲጠጡ ማየት ደስ አይልም።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም አውጣ» ሊለኝ ይችላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለን አድገናል። እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር፤ ቃል የገባሁትን ጥፋቴን የምናገረው እዚህ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ለትንንሽ መሣሪያዎች የሚሆን መመርመሪያ እንጽፍ ነበር። በጋራው ኮድ ላይ ጽሑፍን ከአንድ የፊደል አጻጻፍ ወደ ሌላ የሚቀይር ትልቅ ላይብረሪ ተንጠልጥሏል። ጠሪዎቹን ቆጠርኩ፣ ሦስት ናቸው። «ይህን እኔ በአንድ ከሰዓት እጽፈዋለሁ» አልኩ፤ ጻፍኩትም። ላይብረሪው ወጣ፣ የፋይሉ ክብደት ቀነሰ፣ አለቃዬ አመሰገኑኝ። ፈተናው በእንግሊዝኛ አለፈ። በዕብራይስጥም አለፈ፤ ረሆቮት ነንና ከዚህ በላይ ማን ይፈልጋል?

ነገሩ በኮምፒውተር ዘንድ ፊደል ቁጥር ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፣ የዕብራይስጥ ሁለት። የእኛ ፊደል ሦስት ነው። «ሻሎም» በዕብራይስጥ አራት ፊደል፣ ስምንት ባይት ነው። «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት። እኔ የጻፍኩት ኮድ እስከ ሁለት ድረስ ነበር የሚቆጥረው። ሁለት ላይ ያቆምኩት በጎረቤቴ ፊደል ስለፈተንኩት ነው፤ በራሴ ፊደል መፈተን ትዝ አላለኝም።

ከወራት በኋላ የአክስቴን ስም በአማርኛ የያዘ አንድ ፋይል መመርመር ነበረብኝ። ስሟ በቦታው የለም። በምትኩ 341፣ 210፣ 260 እያሉ የሚሄዱ ቁጥሮች ተሰልፈዋል፤ ያ የመጀመሪያው ፊደል «ሰ» ነው፣ ሦስቱ ባይቶቹ በስምንት ቤት ቁጥር ሲጻፉ። ቀጥሎ ያለው ፊደል ከመሀል ተቆርጧል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋይሉን ነው። ከዚያ መሣሪያውን። ከዚያ ፋይሉን የላከውን ምስኪን ልጅ። ሁለት ቀን ንጹሕ ሰው ስከስ ዋልኩ፤ የሻፒሮ መላሽ ዋሽቶ ነበር፣ ውሸታሙም እኔ ነበርኩ።

ጂዲቢ በዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ ትሑት ነው። ፊደል የሚቀይረው ላይብረሪ በሌለበት ሥርዓት ላይ ሲገነባ አስመሳይ የሆነ ትንሽ ምትክ አለው፤ ጥቂት ነገር ብቻ ይቀይራል፣ ስሙንም ጸሐፊዎቹ ራሳቸው «የውሸት» ብለው ሰጥተውታል። ትንሹ ወንድም ሜዳ ሲሄድ ደግሞ ፊደል የመቀየር ሥራ አይሰጠውም፤ ባይቱን እንዳለ ይልካል፣ ማንበቡ የትልቁ ነው። እኔም ላደርገው ይገባኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ላይብረሪውን መጣል ሳይሆን ከጋራው ጓዳ አውጥቶ ለሚያነበው ቤት መስጠት። በኋላ ያደረግኩትም ያንን ነው።

የእኔ ጥፋት ቀላል ነበር፤ ከዚህ የከፋ አለ። በ2006 አንድ የዴቢያን ሊኑክስ ተንከባካቢ ቫልግራይንድ በተባለ የስህተት መፈለጊያ ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ኦፕን ኤስኤስኤል ከተባለው የምስጢር መቆለፊያ ላይብረሪ ላይ ጥቂት መስመር አወጣ። መስመሮቹ ትርፍ ይመስሉ ነበር። ሥራቸው ግን ምስጢር ቁልፍ ሲፈጠር ዕጣውን መበወዝ ነበር። እስከ 2008 ሉቺያኖ ቤሎ እስኪደርስበት ድረስ በዚያ ሥርዓት የተፈጠሩ ቁልፎች የሚለያዩት በፕሮግራሙ ተራ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ 32,768 የሚያህሉ አማራጮች ማለት ነው፣ አንድ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ የሚቆጥራቸው። ፈላጊው የተናገረው እውነት ነበር፤ ትርጉሙን ሳይጠይቁ መቁረጡ ነው የጎዳው።

እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ ይህን ሁሉ አልነግራትም። የሰው ዕቃ ከሰው ቤት እያወጣሁ እመልሳለሁ ስላት «ተመርቀህ ነዋ» ትለኛለች። አንባቢዬ ግን ፕሮግራም የምትጽፍ ከሆነ አንድ ነገር ልለምንህ፤ የምትጽፊ ከሆነ አንቺንም። ከጋራ ኮድ ላይ ላይብረሪ ስታወጡ፣ ከመጣላችሁ በፊት የራሳችሁን ወይም የእናታችሁን ስም በፊደላችን አስገብታችሁ ፈትኑ። የእኔ ፈተና ዛሬም በዚያ ኮድ ውስጥ አለ፣ አንድ መስመር ነው፦ «ሰላም»፣ 9 ባይት።